ነፋስ የለመደ እጅ

ፎርሙ አንድ ገጽ ነው፤ ስም፣ ዕድሜና ቁመት፣
ዝላይ፣ ቅብብል፣ ውርወራ፣ ፍጥነት፤
ከግርጌው ሁለት ሣጥን፦ «ደርሷል» እና «አልደረሰም»፣
በመሐላቸው ለእስክሪብቶ ማሳረፊያ እንኳ የለም።
ገብስ ቢሆን ነክሼ ባወቅሁት፤
የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን በየት በኩል ይነከሳል? በየት?

ይህን ወረቀት ይዤ፣ ከደብረ ብርሃን በማለዳ፣
ጉም ለጉም ስንጎተት ውለን ገባን መሐል ሜዳ።
የትምህርት ቤቱ ሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል፣
አንደኛው ቀለበት ጎብጦ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ፣ መሬት መሬት ያያል፤
መረቡን አትጠይቁኝ።
ከገደሉ አፋፍ ነፋሱ እንደ ባለርስት ይመጣል፣
ሳያንኳኳ ገብቶ በሜዳው መሐል ይንጎማለላል።

ልጁ ወንድይፍራው ይባላል፤ የፈራው ወንድ ግን አላየሁም፣
ኳስ ቀምቶ «ይቅርታ» የሚል ተጫዋችም ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።
ጻፍኩ፦ ግራ እጁ እንግዳ ነው፣ ተንጠልጥሎ ይከተለዋል።
ጻፍኩ፦ ሲከላከል ተረከዙ ላይ ይቆማል።
ጻፍኩ፦ ሳያይ ያቀብላል፤ ያቀበለው ሰውም እዚያው ይገኛል።

ከዚያ ከሩቅ ወረወረ።
ኳሷን ከቀለበቱ ሁለት ክንድ ወደ ቀኝ ለቀቃት፣
«ሳተ» ልል አፌን ስከፍት ነፋሱ ተቀብሎ አስገባት።
ከሃያ አሥራ አራት!
መምህር ሸዋቀና የኮቱን ኮሌታ ሰብስቦ ሣቀ፣
«እዚህ ነፋሱም ተሰላፊ ነው፤ ከሱ ያልተግባባ ወደቀ።»
እስክሪብቶዬ «ደርሷል» ላይ ሊያርፍ ሲል
ጣሪያው ትዝ አለኝ።

የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጣሪያ አለው።
ቅዳሜ አስመጣሁት። ወለሉ ሲያብረቀርቅ አይቶ በሩ ላይ ቆመ፣
«ጫማ ይወለቃል?» ብሎ ጠየቀ፤ ተማሪው በሣቅ ታመመ።
የመጀመሪያዋን ወረወረ፦ ወደ ቀኝ፤ ብረቱን እንኳ አልነካችም።
ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ ስድስተኛዋ፤ ያው፣ ምንም።
አሥር ወርውሮ ባዶ።
«የመንደር ጀግና ነው፣ ይመለስ» አለ ረዳቴ ተናዶ።

እኔ ግን ግድግዳውን ነበር የማየው።
አሥሩም ኳስ ያረፈው አንድ ትሪ በሚያህል ክብ ላይ ነው።
የሌላው ሰው ስህተት እንደ ተበተነ ጥሬ ነው፤
የዚህ ልጅ ስህተት ግን ተሰፍሮ፣ ተቋጥሮ፣ አድራሻ አለው።
እሱም አላፈረም። ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ፣
መስኮቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣
«ጋሼ፣ ነፋሱ መቼ ነው የሚጀምረው?»

እኔንም በሱ ዕድሜ «ደርሷል» ብለውኝ ነበር፤
የት እንደደረስኩ ይህ ጉልበቴ ሲበርደው ይናገር።
ቀኜን አይተው ፈረሙ፤
ማንም አልጠየቀም ስለ ግራ፣
ማንም አልጠየቀም ምን እንደምፈራ።

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። «አልደረሰም» ላይ ምልክት ጣልኩ፣
ከሥሩም፣ መስመር በሌለበት፣ «ይምጣ» ብዬ ጻፍኩ።
ረዳቴ አነበበው፤ «ይሄ እርስ በርሱ ይጋጫል» አለ።
ይጋጭ። የደረሰውንማ ምን አስተምረዋለሁ፤
ሥራዬስ ያልደረሰ ሲኖር አይደለ?

ስንወጣ ከኋላዬ አሥራ አንደኛዋን ወረወረ።
አልዞርኩም፤ ፊርማዬ ቀድሞ ደርቆ ነበረ።
ብረቱ ጮኸ።
ቅድም ብረቱን እንኳ አልነካችም ነበር።