አርባ ሦስተኛው ተራ

የፍሊሲንገን ወደብ የውኃ በር ጠባቂ፣
የአሸዋ ጀልባ ሲያጓራ ከወንበሬ ነቂ፣
ከአንዱ መርከብ እስከ ሌላው ሁለት ሰዓት ሲተርፍ
ሌላው ሲያንኮራፋ እኔ የማነጋው ስጽፍ።

የምጽፈው መመሪያ ነው፤ ለባሕር ወንበዴዎች፣
ጨው ቀምሰው ለማያውቁ ለወንበር ጀግኖች።
ጨዋታው የድሮ ነው፤ የሠራው ድርጅት
ከስሮ ተበትኗል፤ ማንም የለው ባለቤት፤
ተጫዋቾቹ ግን፣ እንደ ውርስ ቤት፣
ግድግዳ እያፈረሱ፣ እየቀጠሉ መስኮት፣
አሥራ ሁለት መርከብ የነበረው ባሕር
ዛሬ መቶ ስድስት ያንሳፍፋል ሲቆጠር።

ለእያንዳንዱ መርከብ አምድ አበጀሁለት፦
ጭነቱ፣ መድፉ፣ የባሕረኛው ብዛት፤
ነፋስ ፊቱን ሲመታው በስንት ይዘገያል፣
ጎኑን ሲደበድቡት በስንት ጥይት ይሰጥማል።
በወሬ አላምንም፤ ፋይሉም ይዋሻል፤
"ፈጣን" የተባለው ብሪግ ሲሄድ ይጎተታል።
ስለዚህ አንድ በአንድ ራሴ ነዳሁት፣
ከደሴት እስከ ደሴት በሰዓት ለካሁት፣
ከዓለት አላተምኩት፣ በመድፍ ደበደብኩት፣
ሰምጦ አረፋው ሲቀር ቁጥሩን መዘገብኩት።

ከዳቫኦ ሉዝቪሚንዳ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀራጺዋ፣
"ዊበ፣ ተሳስተሃል" ትላለች በደብዳቤዋ፤
"ፍላይቱ ከኋላው ሲነፍስበት፣ ካልከው በላይ
ግማሽ ኖት ይጨምራል። ደግመህ ንዳውና እይ።"
ደግሜ ነዳሁት። እውነቷን ነው። አረምኩ።
ስሸነፍ ደስ እንደሚል ያን ሌሊት ተማርኩ።

አርባ ሦስተኛው ተራ ላይ ግን ቆምኩ።

ኔልትዬ ናት ስሟ። ሁለት ተራዳ፣
ሸራዋ የዛገ ብረት የሚመስል፣
በጎኗ የሽሪምፕ መረብ የተንጠለጠለ።
ከወርቅና ከባሩድ ባሕር መሃል
ይህቺ ምን ትሠራለች?
መድፍ የላትም። አንድም።
ፍጥነቷ ያሳፍራል፤ ቀንድ አውጣ ቀድሟት ወደብ ይገባል።
አስተያየት ከሚለው አምድ ሥር
"ከንቱ" ብዬ ጻፍኩ፤ "ገንዘባችሁን አታባክኑ።"

የቀረው የመስጠሚያው ቁጥር ነው።
ትልቁን ጋሌዎን አመጣሁ፣ ስልሳ መድፍ።
ተኮስኩ። ሸራዋ ነደደ።
ተኮስኩ። ተራዳዋ ተሰብሮ ወደቀ።
ጢሱ ሲገለጥ እዚያው ናት፣
እንደ ዳክዬ ቁጭ ብላ።
በመሃል እውነተኛ መርከብ መጣ፤ በሩን ከፍቼ፣ ዘግቼ ተመለስኩ።
ተኮስኩ።
ሊነጋ ሲል ባሩዴ አለቀ።

ፋይሉን ከፈትኩ።
ሌላው መርከብ ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ በሚልበት ቦታ
ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣
እስከ መስመሩ ዳር ድረስ ዘጠኝ፤
ከሥሩ በእኛው በዜላንድ አነጋገር፣
እናቴ በምትቆጣበት በዚያው አነጋገር፣
አንድ ማስታወሻ፦
"አባቴ በመጀመሪያዋ ላይ ነበር።
ይህቺኛዋ አትሰጥምም።
ቴውን፣ አርነመይደን።"

አርነመይደን ከእኔ ቤት
በብስክሌት አርባ ደቂቃ ነው።
ጎማዬን ነፋሁ። አልሄድኩም።
ምን ብዬ ላንኳኳ?
"የአባትህን ጀልባ በስልሳ መድፍ
ሌሊቱን ሙሉ ስደበድብ አደርኩ" ልበል?

"ስህተት ነው" አሉ ሌሎቹ፣ "ጨዋታውን ያበላሻል፤
ስምንት መቶ አድርገው።" ልክ ናቸው፤ ያበላሻል።
እኔ ቁጥር አክባሪ ነኝ። የውኃ ከፍታ በሴንቲሜትር የማነብ፣
ሁለት ሴንቲሜትር ስቼ ሰው ያስቆጣሁ።
እጄ ግን "ከንቱ" የሚለውን ብቻ ፋቀ፣
በምትኩም "ትዘገያለች፤ ትደርሳለች" ብሎ ጻፈ፣
የመስጠሚያውን አምድ ዘለለው።

በሳምንቱ ከዳቫኦ፦
"ዊበ፣ አርባ ሦስት ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ረሳህ?"
"አልረሳሁም" አልኳት።
ብዙ ቆይታ "እሺ" አለች።

አርባ አራተኛው ስሉፕ ነው።
ፈጣን ነው ይላሉ።
እናያለን።