ደርሶ መልስ

መጋቢት ነው፤ ድሬ ጥላዋን እንኳ ከደጅ ያስገባችበት ሰዓት።
ከዚራ ላይ፣ በዚያድ ኢንተርኔት ቤት
ማራገቢያው ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዞር፣
እኔ ከቅጹ ፊት ተቀምጫለሁ፤ ላቤ ካገጬ ሲንቆረቆር።

«የክረምት ሥራ ለተማሪዎች» ይላል ከላይ በደማቁ፤
ሦስት ወር ባሕር ማዶ። ሳህን ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር ነው ሐቁ።
ይሁን። ሃይድሮሊክስ በክፍል አልገባ ካለኝ፣
ውሃው ከሳህን ላይ ሲወርድ አይቼው ይግባኝ።

ስም አለኝ። ነጂባ መሐዲ አልኩት።
ፓስፖርቴ አንድ ፊደል ጨምሮብኛል፣ መታወቂያዬ አንድ ቀንሶኛል፤
ሁለት ነጂባ ነን ማለት ነው፤
አንዷ ብትቀር አንዷ ትሄድ ይሆናል።

ፎቶ። «ጀርባው ነጭ፣ ፊቱ የማይስቅ።»
ጋሽ ክፍሎም አንሶላ ከግድግዳው ላይ ወጠረና ሦስቴ አነሣኝ፤
በመጀመሪያው ሳቅሁ፤ በሁለተኛው ላቡ ዓይኔን አስጨፈነኝ፤
በሦስተኛው፣ «አሁን ገና ወንጀለኛ መሰልሽ፤
ይሄን ይወዱታል» አለኝ።

የባንክ ሒሳብ። እዚህ ላይ አደ መይሙና ትመስገን።
ዕቁብ ደርሷት ነበር፤ ታይዋን ያለ የጨርቅ ሱቋን ልታሰፋ።
ብሩን በስሜ አስገባች፣ የራሷን ጉዳይ በይደር አስተላልፋ፣
ባንኩ ማኅተሙን እስኪመታ።
ስድስት ቀን ሀብታም ነበርኩ። ጠዋትና ማታ
ስልኬን ከፍቼ ቁጥሩን እንደምን አደርክ፣ እንደምን ዋልክ አልኩት፤
በሰባተኛው አውጥቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ መለስኩት።
«አትቆጥሪውም?» ብላት፣
«እኔ የልጄን እጅ አልቆጥርም» አለች፤ ደንበኛ ቆሞባት።

ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረስኩና ቆምኩ።
«ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ ማስረጃ ያቅርቡ።»
ከሥሩ ጠባብ ሳጥን፤ ፊደል ተቆጥሮ የሚሰፈርበት።

ቤት የለኝም። ባል የለኝም። ያለኝ የሁለት ኮርስ ዕዳ ነው።
ደቻቱን ልጥቀስ? ዓመቱን በአሸዋ ተኝቶ፣
አንድ ሌሊት ይመለሳል፣ ከተራራ ወርዶ፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ፤
ሲመለስ ግን የማንን ግድግዳ ይዞ እንደሄደ የዳሩ ሰፈር ያውቃል።
መመለስ ሁሉ ደግ አይደለም።
ይህ ከሳጥኑ ይተርፋል።

አባቴ በሸሚንደፈር ዘመን ትኬት ይበሳ ነበር።
ፈረንሳይኛው ሁለት ቃል ነው፤ «አሌ» እና «ሩቱር»።
ደርሶ መልስ የቆረጠ ሰው ሁለት ቀዳዳ አለው፤
አንዱ የመሄጃው፣ አንዱ የመምጫው።
«ስንቱ» ይላል፣ «የሁለቱን ከፍሎ ባንዱ ቀረ።
ጅቡቲ ላይ መርከብ ነበረ።»
ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ፤
መብሻው ግን እስከዛሬ ከጡረታ ደብተሩ ጋር በመሳቢያ ይተኛል፣
በዓመት አንዴ ዘይት ይቀባል።

ትናንት ማታ ቅጹን አትሜ ለፊርማ ሰጠሁት፤
አሥራ ዘጠኝን ተርጉሜ አነበብኩለት።
ዝም አለ። ተነሣ። መሳቢያው ሲንቋቋ ሰማሁ።
የወረቀቱን ጥግ ያዘና፣
ቀጭ።
«ይሄውልሽ፣ አንዱን በስቼዋለሁ» አለኝ።
መፈረሙን ረሳው።

ዛሬ ዚያድ ስካን ሲያደርገው ጥጉ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ።
«አይጥ ነው? ልደፍነው?»
«ተወው።»
(ፊርማውን እኔው ፈርሜለታለሁ፤ እሱን አላየም።)
ሳጥኑ ውስጥ «አባቴ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት።
«ትምህርቴን ገና አልጨረስኩም» ብዬ ሞላሁት።
ላክ የሚለውን ተጫንኩ።

ሰማንያ ሰባት ከመቶ ላይ መብራት ሄደ።
ማራገቢያው ሦስቴ ዞሮ፣ አንዴ አመንትቶ ቆመ።
ከጥግ አንድ ልጅ ተራገመ።
«አቦ ቆዩ፣ ይመለሳል» አለ ዚያድ፣ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ።
ማንም ማስረጃ አልጠየቀውም።