ሂሳብ

ሦስት ቀን በሙሉ፣ ከአዘዞ ፒያሳ፣
መስኮት አልዘጋንም፤ «ጫንክ እንዴ ሬሳ?»
አሉኝ አንድ መምሬ፣ ጋቢ አፍንጫቸው ላይ፤
ረዳቴ አንጋው ደግሞ፣ ጫማዬን ነው የሚያይ።

ምንጣፉን ገፍፈን፣ ቀሃ ወንዝ ወረድን፤
ወንበር በወንበር፣ እያሸተትን ሄድን።
ኦሞ ከነሎሚው፣ ሌሊት ያስተኛዋል፤
ቀትር ሲሆን ደግሞ፣ ፀሐይ ያስነሳዋል።

አንጋው ተንበርክኮ፣ ከጋቢናው ወንበር ስር፣
ፌስታል ጎተተ፣ የታሰረ በክር፤
ሁለት የጎርጎራ ዓሣ።

እሁድ የጫንኳት ሴት፣ ሂሳብ የጎደላት፣
እንደ ሌባ ቆጥሬ፣ ያመናጨቅኳት፣
ወንበሩን ጠቁማ፣ የሆነ ነገር አለችኝ፤
ቴፑ ይጮህ ነበር፤ እርግማን መሰለኝ።

አሁን ሚኒባሱ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል።
የጎርጎራ መገንጠያ ስደርስ፣
እጄ ቴፑን ይቀንሳል።