ናደው የሚባል እንግዳ

እኛ ዘንድ ስም ማለት ትእዛዝ ነው ለካ፦
ደምሰው፣ በላቸው፣ ግዛው፣ አስፋው፣ ተካ።
ናደው ይሉታል ሕፃኑን፣ ገና ጡት ሳይተው፣
ያድጋል እንጂ እሱ፣ መቼ ግንብ ናደው?

በድሮው መዝገብ ናደው አልጋ ይዞ ያድራል፣
ጠዋት ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጥርሱን ፍቆ ይሄዳል።
ወረቀት ጨዋ ነው፤ ይሸከማል እንጂ አያደርግም።
እኔ ግን ወረቀት አልሸጥኩም።

የአቶ ሐሜሶ ፔንሲዮን፣ ከአሞራ ገደል በላይ፣
አሥራ አራት አልጋ አላት፣ ግማሹ ሐይቁን የሚያይ።
ድረ ገጿን እኔ ሠራሁ፣ በሁለት ሌሊት፣ በጥድፊያ፤
ዋጋው ግማሹ ብር፣ ግማሹ ጥብስ ቆሮሶ ነበር። ከዚያ
በነጻ የተገኘች ተሰኪ ፕሮግራም ጫንኩባት፣
እንግዳ ስሙን ሞልቶ አልጋ እንዲይዝባት።
ከጥግ ቀይ ነጥብ በራች፦ «አዲስ እትም አለ፣ ይታደስ።»
ነገ አልኳት። ነገም ነገን ወለደ፣ መስከረም እስኪደርስ።

አንድ ሌሊት እንግዳ መጣ። ሻንጣ የለው፣ ጥላ የለው፤
በስም መሙያው የጻፈው ስም አልነበረም፣ ሌላ ነው፦
በሁለት ሹል ቅንፍ፣ እንደ መንጠቆ፣ የታቀፈ፣
ሰሙ ስም፣ ወርቁ ትእዛዝ፣ በሩን በሰላም ያለፈ።

ጠዋት ታመነች መጣች፤ እንግዳ ተቀባይ ናት፣
የሁሉ በር ማስተር ቁልፍ በይለፍ ቃሏ ሥር አላት።
ዝርዝሩን ከፈተች። ዓይኗ ያየው ባዶ መስመር፤
ሻይዋ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።
ማሽኑ ግን አነበበ። ስምን ከትእዛዝ አይለይም፣
እንደ ምልምል ወታደር፣ «ማን አዘዘ?» አይልም፤
ናደው ሲባል፣ ናደው።
ትእዛዙም ወሬውም አንድ ቃል፤ በመሃሉ ትንፋሽ የለው።

በእሷ እጅ፣ በእሷ ቁልፍ፣ የባንክ ቁጥሩን ለወጠው፣
የዘጠኝ እንግዳ ቀብድ ማንም ወደማያውቀው ኪስ ወሰደው።

መዝገቡ ምን ይላል? «በታመነች ቁልፍ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ።»
አቶ ሐሜሶ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መዝገብ ሲያነብ
ሰው ያነበበ ይመስለዋል። «ሂጂ፣ አጣርተን እንጠራሻለን» አላት።
ታመነች ሳትታመን ሄደች፤ ሹራቧ ወንበሩ ላይ ቀረባት።

ፒያሳ ባጃጅ ስትጠብቅ አየኋት፣ በሁለተኛው ቀን፤
«አንተ ማሽን ታውቃለህ» አለች። «እኔ ነኝ ሌባ፣ ወይስ ስሜን
ሰረቁት?» መልስ አልነበረኝም። ባጃጁ መጣ።
እሷ ገባች፤ ላቡ ግን ከእኔ ነው የወጣ።

ሦስት ሌሊት ፈለግሁ። ሌባውን ነበር ያሰብኩት፤
ያገኘሁት ቀዩን ነጥብ ነው፣ ያኔ «ነገ» ያልኩት።
ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ያሳፍራል ማጠሩ፦
እንግዳ የጻፈው ይታይ፣ አይፈጸም፤ ቅንፎቹ ይሰበሩ።
መንጠቆው ተቃና፤ ትእዛዙ ጭረት ሆነ፣ ዝም።
ለአቶ ሐሜሶ መንገሩ ግን፣ ያ መስመር አላጠረም።

በረንዳው ላይ ነገርኩት። አባ ኮዳዎች አጥሩ ላይ፣ እንደ ዕድር ዳኛ፣
አንገታቸውን ቀብረው። «እሷ አይደለችም» አልኩ፤ «እኔ ነኝ በሩን ከፍቶ የተኛ።»
ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ግማሹን ብር መልስ» አለ፤ «ዓሣውንስ በላኸው።»
ሳቀ ይሁን ተቆጣ፣ እንጃ፤ ሐይቁን ነው ያየው።

ታመነች ተመልሳለች። ከስክሪኑ ጎን ደብተር አኑራለች፣
ስም ሲመጣ ቀድማ በእስክሪብቶ ትጽፋለች።
ትናንት አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ከዝዋይ፣ ለልጃቸው ሠርግ፣
ዘንቢላቸውን መሬት አኑረው፣ ላባቸውን እየጠረጉ በጨርቅ።
«ስምዎን?»
«ናደው።»
እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቆመ።
ቀና አለች፤ ጣሪያውን አየች፤ ቆይታ ግድግዳውን።
ከዚያ ጻፈችው፣ ፊደል በፊደል፦ ና፣ ደ፣ ው።
የሰባት ቁጥር ቁልፍ ሰጠቻቸው፤ ሐይቁን የሚያየው ነው።