የፈረስ ፀጉር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን የቆርቆሮ ሣጥን
በባቡር፣ በእግሬ፣ በዝናብ ስሸከም፣
ውስጡ ያለው ፀጉር ከፈረስ ጭራ እንጂ
ከሰው ራስ ላይ እንዳልወጣ ባውቅም፣
አንድ ቀን ስንኳ ቀለለኝ አላልኩም።

አዲስ መግዣ ቢያጣ ከሞተ ጠበቃ፣
ከመበለቲቱ በዱቤ ወሰደው፤
ወይቦ ስላገኘው ሰው ሁሉ አከበረው፣
ልጅ እግሩን ሙግተኛ አንጋፋ አስመሰለው።
ኢድዋል ፕሮዘሮ፣ የድንጋይ ፈላጭ ልጅ፤
ካርናርቨን ከተማ፣ ከዓሣ መሸጫው በላይ
አንዲት ክፍል ነበረችን፤ እኔ ጸሐፊው፣
ጣራዋ ሲያፈስ ባልዲ አቀባዩ።

መጀመሪያ የመጣች ኔስት ቤብ ነበረች።
ባሏ የጣራ ድንጋይ ሲሰነጥቅ ኖሮ
በአርባ ዓመቱ ሞተ፣ ደም እየሳለ፤
ካምፓኒው «ትንባሆ ነው የገደለው» አለ፣
ሐኪሙም ቀረበ፣ መጽሐፍ መትቶ ማለ፦
«ብናኙ ለሳንባ ከዱቄት አይከፋም፤
ማንንም አልገደለ፣ ማንንም አያጠፋም።»

ኢድዋል አልጮኸም። ክንዱን አልወነጨፈም።
ከኪሱ አንድ ፖስታ፣ ከፖስታው ግራጫ ብናኝ፣
ከሟች ኮት እጥፋት የተራገፈውን፣
ብርጭቆ ውሃ ላይ ቆንጥሮ በተነው፤
ሐኪሙ ፊት አኖረና
«ይጠጡልኝ» አለው።

ችሎቱ ዝም አለ። ውሃው ደፈረሰ።
ሐኪሙ አየው እንጂ ከንፈሩን አላስነካ፤
የግድግዳው ሰዓት አርባ ጊዜ ቀጭ አለ፣
እኔ ቆጥሬያለሁ። ሙግቱ በዚያው አለቀ።

ከዚያማ ሀገሩ ትከሻውን ሰጠው።
ከድንጋይ መንደሮች በድምፅ ማጉያ
ስሙን እያስጠሩ ለንደን አስገቡት፤
ጠይቆ የኖረ ሰው መላሽ ሆኖ ተገኘ፣
ጭብጨባም ለመደ፣ እንደ ሻይ፣ ሳያውቀው።

በዚያ ክረምት እሳት በየጎጡ ነደደ፤
ጎተራ ተቃጠለ፣ የባዕድ የዕረፍት ቤት፤
ጋዜጣው ጮኸ፣ ምርጫም ቀረበ፤
ኢድዋል ሌሊቱን ሕግ ሲያረቅ አነጋ፦
«ቤት ያቃጠለ ሁሉ ሰባት ዓመት ይታሰር፤
ዕድሜው አይቆጠርለት፣ እንባው አይመዘን፤
የዳኛ ርኅራኄ የሚያፈስ ጣራ ነው።»
በንጹሕ የገለበጥኩለት እኔ ነኝ።
«‹ይችላል› ያልከውን ‹አለበት› በለው» አለኝ።
ሰረዝኩ፤ ጻፍኩ። አንዲት ቃል፤
የፈጀችው ቀለም ጠብታ አይሞላም።

በአርባ አንድ ድምፅ ተሸንፎ ወንበር ተነጠቀ፤
ሌላ ወንበር ሰጡት፣ ከፊቱ የላቀ፣
ቀይ ካባ ያለው። ሣጥኗም ተከተለች፣
እኔም ተከተልኩ።

አንድ የካቲት ጠዋት ስም ሲጠራ፣ «ቤብ» አሉ።
ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ጆሮው ቀልቷል፤
የኔስት የልጅ ልጅ። ባዶ ቤት አቃጥሏል፣
ሰው አልሞተም፣ አልካደም።
አሮጊቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ጓንቷን ሳታወልቅ።

ዳኛው ውሃ ጠየቀ። አመጣሁለት።
አየው እንጂ ከንፈሩን አላስነካ።
ከዚያ ገልጦ አነበበ፣ የገዛ ቃሉን፣
የገዛ እጄን ጽሑፍ፣
«አለበት» ላይ ሲደርስ ድምፁ እንቅፋት መታው።
ሰባት ዓመት።

ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ትቆጫለች ይባላል፤
ይህ ልጅ የሄደው በፍርድ ነው፤
ታዲያ ምነው እህል አልወርድ አለን?

ሕጉ ይሻር ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤
«ረቂቁ የርስዎ ነው» የሚል መልስ መጣ።
ጡረታ ወጣ። በየሐሙሱ ባቡር ተሳፍሮ
እስር ቤቱ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ይቀመጣል፤
ልጁ «አልፈልግም» ብሎ ይልካል፣
እሱም ይመለሳል።
ሦስት ዓመት እንዲህ።

በአራተኛው ግንቦት ልጁ ወጣ አሉ።
«ምን አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት፣
ዝናብ ያራሰውን ካፖርቱን ስሰቅል።

«ያ ፀጉር ይከብዳል ወይ?» አለኝ፤
«ያሳክካል» አልኩት።
ሳቀ አልልህም፤
ግን ወንበሩን ወደ እኔ
ትንሽ ሳብ አደረገው።»