ባለቤት የሌለው ግስ

ኮምቦልቻ፣ የፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከሸራዬ ጥላ፣
ወረቀት ይዛ መጣች፣ አራት ታጥፎ፣ ላብ የበላ።
«አያ ሙሄ፣ ይችን አንብብልኝ፤ ያዩዋት ሁሉ ዝም አሉ፤
‹የፈረንጅ ናት› እያሉ ወዳንተ ላኩኝ በሙሉ።»

ሰዓዳ እብሬ ትባላለች፤ ክር ፋብሪካ፣ ማታ ፈረቃ፤
አስራ አንድ ዓመት ከማሽን በላይ ስታወራ፣ ጮክ እንዳለች ቀረች በቃ።

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፤ ማኅተሙ ሰማያዊ፤
መሀሉ ላይ አንድ ግስ አለ፣ ባለቤት የለውም፣ ምድራዊም ሰማያዊ።
ተርሚኔትድ ይላል።
ማን አደረገው? አይልም። ተደርጓል ብቻ ይላል።

መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ፣ ልባሱ የወለቀ፣
የቲ ፊደል ግማሹ ለበርበሬ መጠቅለያ ያለቀ።
ፍቺው ከሄደው ገጽ ነበር፤ ከራሴ ጓዳ ቆፈርኩ፤
«ጨረሰ» ልላት አሰብኩና፣ አፌ ላይ ሲደርስ አፈርኩ።
መጨረስ እኮ የሠሪ ነው፤ ማሳ ላይ፣ ድስት ላይ፣ ጥናት ላይ፤
እሷ የጨረሰችው የለ፤ ጨረሱባት እንጂ ከላይ።

«ፈታ» ብል፣ ባሏ በዚያው ግስ ባቲ ገብቶ ቀርቷል፤
ሌላ ቀን ግን ያው ቃል ህልም ይፈታል፣ በሬ ከቀንበር ያወጣል።
«አቆመ» ብል ያደናግራል፤ ዝናብም ያቆማል፣
አናጢም ምሰሶ ያቆማል፤
በዚህ ብነግራት፣ ያቆሟት ይመስላታል።
«አኸተመ» ቁርኣን ለዘለቀ ልጅ ነው፤ በግ ይታረዳል፣ እልል ይባላል፤
እዚህ ግን ማኅተሙ ብቻ ነው ያለው፤ በጉ የት ይገኛል?
«ሻረ» ሹም ሲወርድ ነው።
ቁስል ሲድንም «ሻረ» ነው።

«እና?» አለች ጮክ ብላ፤ ሻይ ሻጩ ሳይቀር ዞረ፤
«አብሽሪ» ማለት ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ጉሮሮዬ ቀረ።
«ውልሽ... ተቋርጧል ነው የሚለው።»
«ተበጠሰ ነው የምትለው?»
«እንደዚያ በይው።»

«ታዲያ አያ ሙሄ፣ የኔ ሥራ ምን ነበረ?
የተበጠሰ ክር መቀጠል አይደል? በአንድ ሌሊት ስንቴ፣ ማን ቆጠረ?
ማሽኑ አይጠብቅህም፤ ጫፉን ትይዛለህ፣ ውሉን ታገኛለህ፣
በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ እንዲህ ታሸዋለህ፣ ታልፋለህ።
ቋጠሮ የታየበት ጨርቅ ይመለሳል፤ አለመታየቱ ነው ጥበቡ፤
ስንቱ ለብሶት ሰርግ ሄዷል፤ እኔ አልመጣሁም ከሐሳቡ።
የነሱ ውል ከተበጠሰ፣ ጫፉን ያሳዩኝ፣ እቀጥላለሁ።»

ይሄንን በእንግሊዝኛ በየት አድርጌ እጽፋለሁ?

የባቲ አይሱዙ አለፈ፤ አቧራው ሸራዬን ሲመታ
ወረቀቱን በድንጋይ ጫንኩ፤ «ለሚመለከተው» ብዬ ቆምኩ ላፍታ፤
ማንን ይመልከት? ባለቤት ለሌለው ግስ ደጁ የት ነው?
ዋናው ቃል ጋ ስደርስ ባዶ ተውኩት፤ አንድ ጣት የሚያህል ነጭ ነው።

እሷ ደብዳቤውን ትታ የኮቴን እጅጌ ታያለች፤
ጫፉ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል፣ ዓመት አልፎታል፤ ያዝ አደረገች፤
ዓይኗ ወደ ቦርከና ሄዶ፣ ጣቶቿ ብቻ እዚህ ቀርተው፣
አሸት፣ ጠምዘዝ፣ ለቀቅ፤ አንድ ትንፋሽ ነው የወሰደው።
ቋጠሮው የት እንደገባ በመነጽሬም አልታወቀም።

«የት ላይ ነው የምፈርመው?» አለች።
ቀለሙ ገና አልደረቀም።