የራስ ጉዳይ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ክቡር ጸሐፊ፣
ከክለቡ ክራባት ጋር፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ።
«የሚስተር ታተርሶል ሕመም» ይላል፣ «የራሱ ጉዳይ ነው።»
ሁለቴ አነበብኩት። አልተሳሳቱም፤ እውነትዎን ነው፤
የራሱ ጉዳይ ነው።
የግንባሩ፣ የዚያ ወፍራም አጥንት፣
ከደጋፊው መቀመጫ ሥር በገመድ ለተንጠለጠለች ኳስ
ማክሰኞ ማክሰኞ መቶ ጊዜ የተሰጠ፣ ያለ ዕረፍት።

ኦልድሃም ዝናብ አያጣም። ያኔ ኳስ ቆዳ ነበረች፤
ውሃ ጠጥታ፣ ጭቃ ለብሳ፣ ከጉሙ ውስጥ ትመጣለች።
ሌስሊ አይሸሽም። ዘሎ በቴስታ ይመልሳታል፤
ሕዝቡ ያብዳል።
ማታ ትራስ ላይ ሲጋደም የኳሷ ስፌት
ግንባሩ ላይ ይነበባል፣ እንደ ፋብሪካ ምልክት።
«ራሴን» ሲለኝ አስፕሪን ሰጥቼ አስተኛሁት፤
ነገ ይሻለኛል አለኝ። አመንኩት።

ጉልበቱ ሲጎዳ ሐኪም ተጠራ፣ በክለቡ ወጪ፤
ቅዳሜ ጉልበቱ ያስፈልግ ነበራ!
ራሱን የጠየቀ የለም፤
ራስ ነበር ከጨዋታ ውጪ።

አሁን ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ዕረፍት ይመስለዋል፤ ይቀመጣል፣
ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ብርቱካን ይጠብቃል።
እቆርጥለታለሁ።
ጫማውን ምድጃ ውስጥ አገኘሁት ባለፈው ሳምንት።
«እመቤቴ» ይለኛል፣ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ ሴት።
ጨዋታ አዋቂ ነበረ። ጨዋታው አለቀ፤
እኔ ብቻ ሜዳ ላይ ቀረሁ፣ በባከነ ሰዓት።

የዚያ ዓመት ቡድን ፎቶግራፍ ግድግዳችን ላይ አለ፤
ተከላካዮቹን በእርሳስ ምልክት አደረግሁባቸው።
ኧርኒ፣ የገዛ በሩ ጠፍቶት በረዶ ላይ የተገኘው።
ዊልፍ፣ ልጁን «ዳኛ» እያለ የሚሰድበው።
ቀጥሎ የኔው።
ግብ ጠባቂው ደህና ነው፤ እሱ በእጁ ነበር የሚይዛት።
ሐኪም አይደለሁም፣ ጌታዬ። ግን በፈትል ፋብሪካው
ሠላሳ ዓመት ደሞዝ ከፍያለሁ፤ መቁጠር አያቅተኝም።

ሐውልት አልጠየቅሁም።
አንድ ሰው ነበር የጠየቅሁት፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት
ተራ የሚጠብቅልኝ፣ እኔ እስክተኛ።
ክራባቱን ከዚህ ጋር መልሻለሁ። አንገቱ ሥራውን ጨርሷል፤
ጨርሷል ልል ነበር፤ እሑድ ግን

የልጅ ልጃችን ኦወን ኳሷን ወደ ላይ ሰደዳት።
ሌስሊ ከወንበሩ ተነሣ።
ስሙን ረስቷል፤ አንገቱ አልረሳም፣
ግንባሩን ሰጣት።
ሮጥኩ፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ በነጠላ ጫማ፤
ከፊቱ ገብቼ ቀለብኳት፣
በሁለት እጄ።
ያኔ አፉ ተከፈተ። በወሩ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቃል፦
«ዳኛ! እጅ! እጅ አለበት!»

አዎ፣ ሌስ።
እጅ አለበት።

ማቪስ ታተርሶል